ኩበቱን ከግድግዳው አርቁት

ጥምቀት አልፎ ንፋሱ ሲበረታ የሰሜን ሸዋ ደጋ መልኩን ይቀይራል። መስከረም ላይ ጉልበት ይደርስ የነበረው ሳር ገለባ ሆኖ ይቀራል። ሌሊት ውርጩ ያቃጥለዋል፣ ቀን ፀሐዩ ያደርቀዋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ስትሄዱ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ደግሞ ይኸው ቢጫ እስከ ሰኔ ይዘልቃል።

እሳት ሲነሳ ጎበዞች ነን። እሪ ሲባል ሰው ከየቤቱ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ቅርንጫፍ ተቆርጦ እሳቱ ይደበደባል፣ አፈር ይበተናል፣ ሴቱ በጀሪካን ውሃ ያመላልሳል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፣ ሁሌም ያኮራኛል። ግን "ሳይቃጠል በቅጠል" ብለን የምንተርት ሰዎች፣ እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ያሉትን ወራት እንዲሁ ማሳለፋችን ይከነክነኛል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በቤት ዙሪያ የሚቃጠለውን ነገር የማጽዳት፣ አንድ ቀን ተኩል የማይፈጅ ሥራ አለ። መጥረጊያ፣ ማጭድና ዶማ ይበቃዋል። ብዙ ቤት ግን አይሠራም።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የእናቴ ቤት ግን ጣርማበርን አልፎ፣ አገሩ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና መውረድ ሲጀምር ያለ ዳገት ላይ ነው። ከቤቱ በታች ቁጥቋጦና ደረቅ ሳር ነው። ከጎን የአጎቴ ባሕር ዛፍ አለ። ራቅ ብሎ ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን ይታያል። በጋ በመጣ ቁጥር ስለዚያ ቤት አስባለሁ። ስለ ሰደድ እሳት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው። ቤት የሚቃጠለው ባብዛኛው ያ የሚያስፈራው ነበልባል መጥቶ ስለዋጠው አይደለም። ከነበልባሉ ቀድማ በንፋስ የበረረች ፍም፣ ግድግዳው ሥር ያለ ደረቅ ነገር ላይ አርፋ ነው። ሰው የሩቁን እሳት ሲያይ ቤቱ ከጓሮ በኩል ተይዟል።

አሜሪካ ውስጥ ጃክ ኮኸን የሚባል የመንግሥት የደን ተመራማሪ ብዙ ዘመኑን በዚህ ጉዳይ ላይ አሳልፏል። ጥያቄው ቀላል ነው። ደን ሲቃጠል አጠገቡ ያለው ቤት በምን በምን ይያዛል? በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ካናዳ አንድ ሙከራ ተደረገ። የእንጨት ግድግዳዎች አቆሙና ፊት ለፊታቸው ያለውን ጫካ ሆን ብለው አቃጠሉት። እሳቱ ከሥር እስከ ጫፍ ዛፉን የሚበላ ከባድ እሳት ነበር። ከጫካው 10 ሜትር ላይ ከቆሙት ግድግዳዎች የተያዙ ነበሩ። 20 እና 30 ሜትር ላይ የነበሩት ግን አልተያዙም። እንጨት ናቸው እኮ! የነበልባሉ ሙቀት ብቻውን ያን ያህል ርቀት ተሻግሮ ቤት አያቃጥልም ማለት ነው። የሚሻገረው ፍሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ፓራዳይዝ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ስትቃጠል 85 ሰው ሞተ፣ ከ18,000 በላይ ሕንፃ ወደመ። ከዚያ የወጡትን ፎቶዎች ያየ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። ቤቱ አመድ ሆኗል፣ አጠገቡ ያለው ዛፍ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቆሟል። እሳቱ በዛፉ በኩል አልመጣም። ፍሙ ጣሪያው ላይ፣ በር ሥር፣ የተከመረ እንጨት ውስጥ ገባ። ከዚያ ቤት ለቤት ተያያዘ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕጉ በእሳት ቀጠና ያለ ባለቤት በቤቱ ዙሪያ እስከ 30 ሜትር ድረስ ያለውን እንዲያጸዳ ያዛል። ርቀቱ ተከፋፍሎ ነው የሚታየው። ራቅ ያለው ላይ ዛፍና ሳር ይፈቀዳል፣ ግን ይሳሳል፣ ይታጨዳል። እስከ 10 ሜትር ያለው ላይ ጠንከር ይላል። ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ግን ምንም የሚቃጠል ነገር ባይኖር ነው የሚመከረው። አበባ አይሉ፣ የእንጨት አጥር አይሉ፣ የደረቀ ቅጠል አይሉ። ጠጠር፣ ድንጋይ ወይም ባዶ መሬት ብቻ።

ይህችን 1.5 ሜትር ሳነብ የእናቴ ቤት ዙሪያ ፊቴ ድቅን አለ። ኩበቱ የት ነው? ግድግዳው ሥር። ማገዶው? ግድግዳው ሥር። ጭዱስ? ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ክዳኑ እስኪነካ ተከምሮ። የእኛ ሰው እሳት የሚወደውን ነገር ሁሉ የሚያስቀምጠው እዚያችው ላይ ነው።

በአንድ በኩል ከካሊፎርኒያ ሰዎች እንሻላለን። የእነሱ ቤት ባብዛኛው የእንጨት ነው። የመንዝና የተጉለት ሰው ግን በድንጋይ መገንባት ያውቅበታል። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ አጥሩ ካብ ነው፣ ግቢው በከብት ተረግጦ ባዶ ነው። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ለብርድና ለአውሬ ብለው ይሆናል፣ ለእሳትም ግን ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ድክመታችን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያስደገፍነው ነገር ላይ ነው። ሳር ክዳን ቤት ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ላይ። ለሳር ክዳን ባዶነቱን በእጥፍ ማስፋት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ስለ ኩበት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ።

ገጠር ያደገ ሰው ማታ እሳት ሲዳፈን አይቷል። እናቴ ከራት በኋላ ፍሙን ወደ ምድጃው መሀል ትሰበስበዋለች። ላዩ ላይ አንድ ደህና አድርጎ የደረቀ ኩበት ታስቀምጣለች። ከዚያ አመዱን ትጭንበታለች፣ መታ መታ ታደርገዋለች፣ በቃ። ሌሊቱን ሙሉ ነበልባል የለም። ጭሱም እምብዛም አይታይም። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ኩበቱ ቅርጹን እንደያዘ ውስጡ ቀይ ነው። ጭራሮ ጣል አድርጋ እፍ ስትለው ወዲያው ይቀጣጠላል። ይህ ለእኛ በረከት ነው፣ ክብሪት ይቆጥባል፣ ጎረቤትም እሳት ይጭርበታል።

አሁን ይኸው ነገር ውጪ ሲሆን አስቡት። የበረረች ፍም ከተከመረ ኩበት መሀል ትገባለች። ማንም አያያትም። ሰው የሜዳውን እሳት ደብድቦ አጥፍቶ፣ ደክሞት፣ "ተመስገን" ብሎ ቤቱ ይገባል። ኩበቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ሌሊት ንፋስ ሲነሳ እፍ የሚለው ሰው አያስፈልገውም። ስለዚህ እሳት አልፎ ሰው ከገባ በኋላ ያለው ሌሊት ከእሳቱ ያላነሰ አደገኛ ነው። ኩበትና ጭድ ያለበትን ጥግ ሁሉ በእጅ እየዳሰሱ መዞር ያስፈልጋል። እሳቱ ቀን ጠፍቶ ከሆነ እስከ ማግስቱ ድረስ ተራ ገብቶ መጠበቅ ይሻላል።

እናቴ ኩበቱ ከግድግዳው ይራቅ ስላት ወዲያው እሺ አላለችም።

"አንቺ ልጅ፣ ኩበት ዝናብና ጤዛ ሲያገኘው እኮ አይነድም። እዚህ ያስቀመጥኩት ክዳኑ እንዲያስጠልለው ነው። ደግሞስ ጅብ በሚዞርበት ሌሊት ኩበት ፍለጋ ጓሮ ልሂድልሽ?"

ሁለቱም እውነት ነው። ሰው ዕቃውን አንድ ቦታ የሚያስቀምጠው በምክንያት ነው። ምክንያቱን ሳይሰሙ "አንሱት" ማለት ንቀት ነው፣ ደግሞም አይሠራም። እኛ ያደረግነው ከማድ ቤቱ ራቅ ብሎ፣ አሮጌው ካብ ጥግ ላይ፣ በሦስት በኩል ድንጋይ ደርድረን ላዩን ቆርቆሮ ማልበስ ነው። ቆርቆሮው ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ሥሩ ያለው ሳር በዶማ ተላጨ። የዕለቱ ማገዶ ብቻ ከሰዓት በኋላ በቅርጫት ወደ ውስጥ ይገባል። እናቴ አሁን ቅርጫቱ ሳይሞላ ከመሸ ትቆጣለች።

ጭዱንና ድርቆሹን ማራቅ ይከብዳል። ብዙ ነው፣ ሌባም አለ፣ ከብቱም ቅርብ ይፈልገዋል። ቢያንስ ክምሩ የቤቱን ክዳን እንዳይነካ፣ በዙሪያው ያለው መሬት ደግሞ ባዶ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። የሚችል ሰው ክምሩን አውድማው ላይ እንዳለ ቢተወው ጥሩ ነው፤ አውድማ የተለቀለቀ ባዶ መሬት ነው፣ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

አመድም አለ። ከምድጃ የወጣ አመድ የት ነው የሚደፋው? ብዙ ቤት ከአጥሩ ውጪ፣ ቁጥቋጦው ጫፍ ላይ። አመድ ውስጥ የቀረች ፍም ከአንድ ቀን በላይ ልትቆይ ትችላለች። ከላይ ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው። ንፋስ አመዱን ሲገፈው ግን ፍሟ ትገለጣለች፣ ሳሩም እዚያው ነው። ብዙ ጊዜ "ከየት እንደመጣ አይታወቅም" የሚባለው እሳት ከዚህ የተነሳ አይሆንም ብላችሁ ነው? መፍትሔው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ዙሪያውን ድንጋይ መደርደርና ከደፉ በኋላ የዕቃ እጣቢ ውሃ ማፍሰስ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ቤቱን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። የደን ጎረቤት ለሆነ ሰው እሳት ከጫካ ወደ ቤት እንደሚመጣ ሁሉ ከቤት ወደ ጫካም ይሄዳል። ወፍ ዋሻ ውስጥ ያለው ጥድና ዝግባ፣ ኮሶና ወይራ በእኛ ዕድሜ የሚተካ አይደለም።

ወደ ባሕር ዛፉ ልምጣ።

ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ፣ የማገዶና የቤት መሥሪያ ችግራችንን አቃለለ። ስሙን ማጥፋት አልፈልግም። ቤታችን የቆመው በእሱ ነው። ግን ተፈጥሮው ከእሳት ጋር ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው። ልጡ በረጃጅሙ እየተገፈፈ ይንጠለጠላል፣ ከሥሩም ይከማቻል። ያ ልጥ ሲያያዝ ንፋስ አንስቶ ይወስደዋል። በአውስትራሊያ የሚነድ የባሕር ዛፍ ልጥ ከዋናው እሳት ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ ሌላ እሳት ያስነሳል። ካሊፎርኒያም እንደኛው ይህን ዛፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተክላለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኦክላንድ በላይ ያሉት ኮረብታዎች ሲቃጠሉ 25 ሰው ሞቶ ከ2,800 በላይ ቤቶች ወድመዋል። እሳቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ በቤቶቹ መካከል የነበረው ባሕር ዛፍ ነበር።

ድሮ በእኛ ዘንድ አንድ የሚጠብቀን ነገር ነበር። የረገፈው ቅጠል መሬት ላይ አይቆይም። ሴቶችና ልጆች ጠርገው ለምጣድ ይወስዱታል። እንጀራ የሚጋገረው በእሱ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ዙሪያ ኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ፣ ደስም ይላል፣ የእናቶቻችን ዓይን ከጭስ ዳነ። ግን ቅጠሉን የሚጠርገው ቀረ። በከተማው ጫፍ ያሉትን ባሕር ዛፎች ገብታችሁ እዩ። እግራችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል፣ ሲረገጥም ይንኮሻኮሻል።

የአጎቴ ባሕር ዛፍ ከእናቴ ቤት ጀርባ እስከ አጥራችን ድረስ ይመጣ ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ቅርንጫፉን ቆርቆሯችን ላይ ጥሎታል። ከአጎቴ ጋር ይህን ማንሳት ቀላል አልነበረም።

"ጋሼ፣ ይቺን የዳር መስመር ቢቆርጧት ምን ይመስልዎታል?"

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ባንኬ ነው። የልጆቹን ትምህርት ቤት የምከፍለው ከዚህ ነው። ባንክሽን አፍርሺ ስትባዪ እሺ ትያለሽ?"

አልመለስኩላቸውም፣ እውነታቸውን ነበር። ከቤቱ ጀርባ ይዣቸው ዞርኩ። የጣሪያውን አሸንዳ አሳየኋቸው። መሰላል አቁመን ወጡ፣ እጃቸውን ሰደዱ። ያወጡት እፍኝ ማጭድ የሚመስል የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የተጠቀለለ ልጥ፣ የአሮጌ ወፍ ጎጆ ጭራሮ ነው። ሁሉም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። አሸንዳው ከዳር እስከ ዳር እንዲያ ነበር። በላዩ ደግሞ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ጡጫ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ፣ ከዚያ ወዲያ ወጋግራና የጨርቅ ኮርኒስ ነው። ቆርቆሮ አይቃጠልም እያልን እንጽናናለን። ከሥሩ ያለው ሁሉ ግን ይቃጠላል።

አጎቴ እዚያው መሰላሉ ላይ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወርደው "እኔ እኮ ዛፉ ወደ ላይ እንጂ ወደ እናንተ የሚያድግ አይመስለኝም ነበር" አሉ። የተስማማነው ለሁለታችንም በሚሆን መንገድ ነው። ወደ ቤቱ የቀረቡት ረድፎች ለአጣና ሲደርሱ ቀድመው ይሸጣሉ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው በዚያ በኩል እንዲያድግ አይተውም። የቀሩት ዛፎች ከሥር ከሰው ቁመት በላይ ድረስ ቅርንጫፋቸው ይመለመላል። መሬት ላይ ያለ የሳር እሳት ቅርንጫፍ ካላገኘ ወደ ዛፉ አናት የሚወጣበት መሰላል የለውም። ቅጠሉን የምንጠርገው እኛ ነን። ክፍተቱን በድንጋይና በጭቃ ደፈንነው፣ አየር እንዲገባ የተውነውን ቀዳዳ ደግሞ ቀጭን የብረት ወንፊት አለበስነው። ከተማ ያለ ሰው ወንፊቱን ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያገኘዋል። ቀዳዳው ከጤፍ ብዙ ያልበለጠ ቢሆን ይመረጣል፣ የፕላስቲኩ ግን አይሆንም፣ ይቀልጣል።

ከተማ ያላችሁ ደግሞ ይህ አይመለከተንም አትበሉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አዲስ በሚሠሩት ሰፈሮች አንድ ፋሽን አለ፣ የፈረንጅ ጥድ አጥር። ተቆርጦ፣ ተስተካክሎ፣ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። አንድ ቀን ሁለቱን እጃችሁን አስገብታችሁ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። አረንጓዴው ከላይ የአንድ ስንዝር ያህል ነው። ውስጡ ብርሃን አያገኝም፣ ቅርንጫፉ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። የረገፈው ቅጠል እርስ በርሱ ተያይዞ መሀል ላይ ተንጠልጥሏል። ፌስታልና ወረቀትም ንፋስ ይሰካበታል። ይህ አጥር ብዙ ቤት ውስጥ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ነው የተተከለው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ የአንዱ አጥር ለሁለት ቤት ነው። በእኔ አስተያየት በቤት ግድግዳ ሥር የፈረንጅ ጥድ መትከል ጨርሶ መቅረት አለበት። ያለው እንኳ በየዓመቱ ውስጡ ይራገፍ፣ በየመሀሉም ክፍተት ይኑረው። አጥር ካስፈለገ ድንጋይ አለን፣ እሱን የሚያህል የለም።

ዳገት ላይ ቤት ያላችሁ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር እወቁ። እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል። ነበልባሉ ፊት ለፊቱ ወዳለው ሳር ያዘነብላል፣ ሳይደርስበት ያደርቀዋል፣ ያሞቀዋል። የአውስትራሊያ እሳት አጥፊዎች የሚሠሩበት መለኪያ አለ፣ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ላይ ቀን ቀን ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ንፋሱም ከቆላው ወደ ደጋው ይነፍሳል። ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ያንን ንፋስ ፊቱ ላይ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት እኩል ዙሪያውን ማጽዳት አይበቃውም። ከቤቱ በታች ያለው በኩል ከሌላው በሰፊው መጽዳት አለበት። በእናቴ ቤት የታችኛው አስታና ቁጥቋጦ በርከት ያለ ሥራ ጠይቋል። አልነቀልነውም፣ አፈሩን የያዘው እሱ ነው፣ ቢነቀል በክረምት ጎርፍ ቤቱን ይዞት ይሄዳል። አሳሳነው፣ አንዱ ቁጥቋጦ ከሌላው እንዳይነካካ አራራቅነው፣ በመሀሉ ያለውን ሳር አጨድነው።

ለሳሩ ከማጭድ የተሻለ በግ ነው። የመንዝ በግ መሬት ድረስ ግጦ ይበላል። ኅዳር ላይ በጎቹን ሜዳ ከመንዳት በፊት ጥቂት ቀን በቤቱ ዙሪያ ማሠር ሥራውን ያቀልላል። አህያም ታግዛለች። በካሊፎርኒያ ሰዎች ለዚህ ሥራ ፍየል ይከራያሉ። እኛ ዘንድ ኪራይ የለውም።

ባዶ መሬት ብቻ ይሁን ማለቴም አይደለም። ለዓይን አይማርክም፣ እናቴም አትፈቅድም። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በጋውን አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው። የእናቴ ጎመን የዕቃ እጣቢ ውሃ እየጠጣ ጥር ላይ እንኳ ለምለም ነው። ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጌሾ። ወረድ ብሎ ቆላ ቀመስ ወደሆነው አገር ቁልቋልና እሬት አለ፣ በውስጣቸው ውሃ ይዘው ስለሚቆዩ እሳት ቶሎ አይደፍራቸውም። ጓሮውን ከቤቱ በታች፣ እሳት በሚመጣበት በኩል ማድረግ ትልቅ ጥቅም አለው። ዋናው ውሃ ማግኘቱና የደረቀው ቅጠል መለቀሙ ነው። ውሃ ያልጠጣ፣ የተተወ ጎመንም ቢሆን በመጨረሻ ደርቆ ማገዶ ይሆናል።

ስለ ኅዳር 12 ሳልናገር አላልፍም። የሚካኤል ዕለት "ኅዳር ሲታጠን" እየተባለ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ የቀጠለ ልማድ ነው። እኔ ይህን ቀን እወደዋለሁ። በዓመት አንድ ቀን አገር ምድሩ ግቢውን ይጠርጋል። ይህ ለእሳት መከላከል የሚያስፈልገው ሥራ ራሱ ነው፣ ጊዜውም ትክክለኛ ነው፣ ዝናቡ ካቆመ ሳሩ ሊደርቅ ሲጀምር። ችግሩ የጠረግነውን እዚያው፣ አጥሩ ሥር፣ ንፋስ እየነፈሰ መለኮሳችን ነው። መጥረጉ ይቀጥል፣ ይስፋም፣ አሸንዳውም ይጨመርበት። ቅጠሉን ግን የሚጋግር ሰው ይውሰደው፣ የቀረው ጉድጓድ ገብቶ ለጓሮ ፍግ ይሁን። ማቃጠል ግድ ከሆነ በማለዳ፣ ንፋስ ሳይነሳ፣ ባዶ መሬት ላይ፣ ውሃ አጠገብ አስቀምጦ። አመዱን አርሶ ሳይጨርሱ መሄድ አይገባም።

አንድ ቤት ብቻውን ቢያጸዳ ይጠቅማል፣ ግን የጎረቤት ጭድ የእኔ ክዳን ሥር ከሆነ ልፋቱ ግማሽ ነው። ይህን ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሳር መሬት ለዘመናት በራሱ ሕግ ጠብቆታል። ሳሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ እንደሚዘጋ ማኅበረሰቡ ይወስናል፣ ሁሉም ይታዘዛል። ለክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሳር፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስካሁን ያሉት በዚያ ምክንያት ነው። በሳር ጉዳይ ተነጋግሮ መስማማት ለእኛ አዲስ አይደለም። ደግሞም ከውጭ የሚመጣ እርዳታ እስኪደርስ መጠበቅ አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 የሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቶ ነበር፣ ያ ግን ዓለም የሚያውቀው ፓርክ ስለሆነ ነው። ለአንድ መንደር ማን ሄሊኮፕተር ይልካል?

እድራችን ድንኳን፣ ድስትና ወንበር አለው። በሚቀጥለው ስብሰባ እናቴን ወክዬ ስሄድ የማነሳቸው ጉዳዮች አሉ። አንደኛው እድሩ ጥቂት አካፋና ዶማ፣ አንድ ረጅም መሰላልና የውሃ መርጫ ገዝቶ ከዕቃዎቹ ጋር እንዲያስቀምጥ ነው፣ መርጫው ለሰብል የሚያገለግለው በጀርባ የሚታዘለው ዓይነት ቢሆን ይበቃል። ሌላው ከኅዳር 12 በፊት ያለው ቅዳሜ የግቢ ጽዳት ቀን እንዲሆን፣ ወጣቶቹ ጉልበት የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ቀድመው እንዲዞሩ። መሰላል የማይወጡ፣ አሸንዳቸውን ለዓመታት ማንም ያላየላቸው አሮጊቶች በሰፈራችን አሉ። አጎቴ ደግሞ የራሳቸውን ሐሳብ ጨምረዋል፣ ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ሁሉ ከጎረቤት ቤት ስንት እርምጃ መራቅ እንዳለበት እድሩ በጽሑፍ ይወስን ይላሉ። የእርምጃው ቁጥር ላይ ገና አልተስማማንም። እሳቸው 10 ይላሉ፣ እኔ 20።